ብላክ ስከርት ቴትራን በባህር ዳር ማራባት፦ ከእንቁላሉ በፊት የጫጩቱ ቀለብ

ቴትራ የምትባለው ትንሽ የአኳሪየም ዓሳ እንቁላል እንድትጥል ማድረግ ብዙም አይከብድም። በደንብ የበላች እንስት ለስላሳ (ማዕድን ያነሰበት) ውሃና ፀጥ ያለ ቦታ ካገኘች በማለዳ ጣጣዋን ትጨርሳለች። ብዙ ሰው እጅ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። እንቁላሉ ይፈለፈላል፤ ጫጩቶቹ መስታወቱ ላይ ተለጥፈው ይታያሉ፤ በአምስተኛው ወይ በስድስተኛው ቀን መዋኘት ይጀምራሉ፤ ሳምንት ከምናምን ሲሆን ገንዳው ባዶ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ የጨረሳቸው በሽታ ሳይሆን ረሃብ ነው። ገና መዋኘት የጀመረ የቴትራ ጫጩት አፉ ከመርፌ ጫፍ አይበልጥም፤ ለወላጆቹ የሚሰጠው ደረቅ ምግብ ቢደቅ እንኳ አይገባለትም። የሚበላውን ፍለጋ የምትሯሯጡት ጫጩቱን ካያችሁ በኋላ ከሆነ ረፍዷል። ስለዚህ ሥራው ከኋላ ወደ ፊት ይሄዳል፦ መጀመሪያ የጫጩቱ ቀለብ፣ ቀጥሎ ውሃው፣ ከዚያ ገንዳው፣ ወላጆቹ በመጨረሻ።

የትኛው ቴትራ

ለባህር ዳር ጀማሪ ብላክ ስከርት ቴትራን የሚያህል የለም። ዓሳው የደቡብ አሜሪካ ነው፤ በፓራጓይና በጓፖሬ ወንዞች ተፋሰስ ይኖራል። ሲያድግ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ፒኤቹ (የአሲድነት ልኩ) ከ6 እስከ 7.5 የሆነ ውሃ ይስማማዋል፣ እንቁላሉም ብዙ ነው፤ ከአንዲት ጥሩ እንስት በአንድ ጠዋት ብዙ መቶ ይገኛል። ኒዮን ቴትራ ያምራል፤ ነገር ግን እንቁላሉ በጣም ለስላሳና አሲዳማ ውሃ ካላገኘ አይፈለፈልም፣ ብርሃንም አይችልም። ኒዮንን ከብላክ ስከርት ሁለት ሦስት ዙር ጫጩት ካሳደጋችሁ በኋላ ሞክሩት።

ከ8 እስከ 12 ወር የሆናቸው፣ ጥቁራቸው ያልገረጣ፣ ክንፋቸው ያልተነጨ ስድስት ወይም ስምንት ዓሳዎች ያዙ። ብላክ ስከርት ዕድሜው ሲገፋ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ይሄዳል፤ የገረጣ ዓሳ ሁልጊዜ የታመመ አይደለም፣ ለርቢ ግን አርጅቷል። ሰው ሠራሽ ቀለም የተቀቡትን አትግዙ፤ ቀለሙ ወደ ልጅ አይተላለፍም፣ የቀለም አቀባቡም ዓሳውን ይጎዳል።

ወንድና ሴትን ከላይ ሆናችሁ ተመልከቱ። እንስቷ ሆዷ ሰፋ ያለ ነው፣ ወንዱ ቀጠን ይላል። ከጎን ሲታይ የወንዱ የጀርባ ክንፍ ጠበብና ሾጠጥ ያለ ሲሆን፣ ከሆዱ በታች ያለው ትልቁ ክንፍ ደግሞ ከፊት በኩል ሰፋ ይላል። የብዙ ቴትራ ወንዶች በዚያ ክንፋቸው ላይ ጥቃቅን መንጠቆ ስላላቸው መረብ ላይ ይያዛሉ። እንዲህ ሲሆን አትጎትቱ፤ መረቡን መልሳችሁ ውሃ ውስጥ ገልብጡትና ራሱ ይላቀቅ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀለብ

ወላጆቹን ከመለየታችሁ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ኢንፉዞሪያ አብቅሉ። ኢንፉዞሪያ ማለት በባዶ ዓይን እንደ ነጭ ብናኝ ብቻ የሚታዩ የውሃ ውስጥ ሕያዋን ናቸው። አንድ ሊትር የሚይዝ የመስታወት ማሰሮ ውሰዱ። ክሎሪን የሌለው ውሃ ሙሉበት፤ ከዋናው አኳሪየም የተቀዳ ቢሆን ይመረጣል። የአውራ ጣት ስፋት ያለው የደረቀ የሙዝ ልጣጭ ወይም አንድ ቁራጭ የተቀቀለ ጥቅል ጎመን ጨምሩ። ከዚያ የአኳሪየሙን የስፖንጅ ማጣሪያ አንዴ ጨመቅ አድርጋችሁ የወጣውን ቡናማ ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ ዘሩ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። አፉን በስስ ጨርቅ ሸፍናችሁ ብርሃን ባለበት፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ቦታ አስቀምጡት።

በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ውሃው ይደፈርሳል። ይህ የባክቴሪያ ጊዜ ነው፤ ለጫጩት አይሰጥም። ከአራት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ መልሶ መጥራት ይጀምራል። ማሰሮውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ ስታዩ ወዲያ ወዲህ የሚርመሰመስ ነጭ ብናኝ ካለ ደርሷል። እንደ በሰበሰ ነገር የሚከረፋ ከሆነ ልጣጩ በዝቶበታል፤ ድፉትና በግማሹ ልጣጭ እንደገና ጀምሩ። አንድ ማሰሮ ብቻ ይዛችሁ እንዳትገቡ። በሦስት በሦስት ቀን ልዩነት ሦስት ማሰሮ ከጀመራችሁ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይደርሳል።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው ማይክሮዎርም የሚባለው ጥቃቅን ትል ነው። ለዚህ ዘሩን ከሚያራባ ሰው አንድ ማንኪያ መለመን ወይም መግዛት ግድ ነው። ወፈር ያለ የአጃ ገንፎ ያለ ጨው አብስላችሁ አቀዝቅዙ፤ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል አንጥፉት፤ በላዩ ላይ ቆንጠር አድርጋችሁ ደረቅ እርሾ ነስንሱ፤ ዘሩን መሐል ላይ አድርጉ። ክዳኑ ላይ በመርፌ ጥቂት ቀዳዳ ይኑር። ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ትሎቹ የዕቃውን ግድግዳ ይወጣሉ፤ በጣት ጠርጎ ውሃ ውስጥ ማጠብ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ወደ አዲስ ገንፎ አዛውሩ። ማይክሮዎርም ወደ ታች ይሰምጣል፤ የቴትራ ጫጩት ደግሞ በመሐል ውሃ የሚንሳፈፈውን ነው የሚያሳድደው። ስለዚህ ትንሽ በትንሹ፣ የአየር አረፋው ባለበት በኩል ስጡት፤ አረፋው እያነሳ ያንሳፍፈዋል።

ሦስተኛውና ከሁሉም በላይ የሚያሳድገው አርቴሚያ፣ በጨው ውሃ የሚፈለፈል ጥቃቅን ሽሪምፕ መሰል እንስሳ፣ ነው። እንቁላሉ በቆርቆሮ ታሽጎ የሚመጣ ስለሆነ ቀደም ብላችሁ አስመጡት፣ ከተከፈተ በኋላም አየር በማያስገባ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። አፈልፋዩን ከሃይላንድ ፕላስቲክ መሥራት ይቻላል። ቂጡን ቆርጣችሁ ገልብጡት፤ በክዳኑ በኩል የአየር ቱቦ አስገብታችሁ በሲሊኮን ድፈኑት። በአንድ ሊትር ውሃ 25 ግራም ጨው አሟሙ፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እንቁላል ጨምሩ፤ እንቁላሉ ታች እንዳይተኛ አየሩን ጠንከር አድርጉት፤ ብርሃን ይኑረው። ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ሙቀት በ24 ሰዓት ይፈለፈላል። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ማሞቂያ በሌለበት ክፍል ግን እስከ 36 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ለመለየት አየሩን ለ10 ደቂቃ አጥፉ፤ ባዶ ቅርፊቱ ላይ ይንሳፈፋል፣ ብርቱካንማው አርቴሚያ ታች ይሰበሰባል። ከታች ብቻ ቅዱ፣ በጥቅጥቅ ነጭ ጨርቅ አጥሉት፣ በንጹህ ውሃ አለቅልቁት። ቅርፊቱን የዋጠ ጫጩት አንጀቱ ይዘጋል፤ ጨው ያልታጠበለት አርቴሚያ ደግሞ የውሃውን ማዕድን በየቀኑ ከፍ ያደርገዋል።

የተቀቀለ የእንቁላል አስኳልስ? ለጭንቅ ቀን ይሆናል። የምስር ፍሬ የምታህል ቁራጭ በጨርቅ ቋጥራችሁ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምቋት፤ ከደፈረሰው ውሃ በአንድ ጊዜ አምስት ስድስት ጠብታ ብቻ ስጡ። ሌላ ቀለብ ጠፍቶ አንድ ሁለት ቀን ማቆያ እንጂ ማሳደጊያ አይደለም፤ ያልተበላው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ውሃውን ያበላሸዋል።

ውሃው

የባህር ዳር የቧንቧ ውሃ በብዛት ከምንጭና ከጥልቅ ጉድጓድ የሚመጣ ነው። በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ሲያልፍ ማዕድን ይሸከማል፣ ክሎሪንም ይጨመርበታል። ከሰፈር ሰፈር፣ ከወቅት ወቅት ስለሚለያይ በግምት አትሥሩ። የቲዲኤስ (ውሃው ውስጥ የሟሟው ማዕድን መጠን) መለኪያ ብዕርና የፒኤች መለኪያ ወረቀት ያዙ። ለብላክ ስከርት መራቢያ ቲዲኤሱ ከ80 እስከ 150፣ ፒኤቹ ከ6.5 እስከ 7 ቢሆን ጥሩ ነው። ውሃው ጠንካራ (ማዕድን የበዛበት) ሲሆን የእንቁላሉ ቅርፊት በወጉ አያብጥም፤ ብዙው ሳይዳብር ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ለማለስለስ የሚረዳው ዋናው ነገር ክረምቱ ነው። ባህር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፣ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደውን ግን አትጠቀሙ። የዝናብ ውሃ ለስላሳና በመጠኑ አሲዳማ ስለሆነ ከቆርቆሮው ላይ ዚንክ ያሟሟል፤ ዚንክ ደግሞ በለስላሳ ውሃ ውስጥ ለዓሳ መርዝ ነው። ንጹህ ፕላስቲክ በአራት እንጨት ወጥራችሁ መሐሉን ዝቅ በማድረግ፣ ዝናቡ ከጀመረ ከሩብ ሰዓት በኋላ ያለውን ብቻ ቅዱ። ዘይት፣ ነዳጅ ወይም በረኪና ባልያዘ ጀሪካን ክዳኑን ገጥማችሁ ጨለማ ቦታ ብታስቀምጡት ለወራት ይቆያል። በሐምሌ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሞላ ሰው እስከ ጥር ድረስ አይቸገርም።

ቅልቅሉን ለማወቅ ሂሳቡ ቀላል ነው። የምትፈልጉት ቲዲኤስ 80፣ የቧንቧው 200፣ የዝናቡ 15 ነው እንበል። ከ80 ላይ 15 ቀንሱ፣ 65 ይሆናል። ከ200 ላይ 15 ቀንሱ፣ 185 ይሆናል። 65 ለ185 ሲካፈል 0.35 ነው፤ ስለዚህ ከ20 ሊትሩ 7 ሊትር የቧንቧ፣ 13 ሊትር የዝናብ ይሆናል። የቧንቧውን ውሃ አስቀድማችሁ በሰፊ ባልዲ አየር እየነፋችሁ ከ24 እስከ 48 ሰዓት አቆዩት፣ ክሎሪኑ ይወጣል።

ዝናብ በሌለበት ወቅት የታሸገ ውሃም ይሆናል፤ ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈውን የማዕድን መጠን አንብቡ፣ ምርቱ ከምርት በጣም ይለያያል። ጋራዥ የሚሸጠውን የባትሪ ውሃ ግን ተዉት። በአንድ ስም አሲዱም የተጣራውም ስለሚሸጥ ስህተቱ ዓሳውን ብቻ ሳይሆን እናንተንም ያቃጥላል።

ፒኤቹን ዝቅ ለማድረግና ውሃውን ሻይማ ለማድረግ የደረቀ የዘይቱን (የጉዋቫ) ቅጠል ተጠቀሙ። ጓሮ ካለው ዛፍ ራሱ ደርቆ የወደቀውን፣ መድኃኒት ያልተረጨበትን ሰብስባችሁ እጠቡት፣ አንዴ የፈላ ውሃ አፍሱበት፣ ለ20 ሊትር ሁለት ወይም ሦስት ቅጠል ክተቱ። በሁለት በሦስት ቀን ውሃው ቀጭን ሻይ ይመስላል፤ ሻጋታንም በመጠኑ ይከላከላል። ቅጠሉን የምትለቅሙበትን ዛፍ ግን እወቁ። ብርብራ አጠገብ የወደቀ ቅጠልም ፍሬም ወደ ገንዳው እንዳይጠጋ። በጣና ገባር ወንዞች ዓሳ ለማደንዘዝ የሚወቀጠው ያው የብርብራ ፍሬ ነው፤ ጥቂቱም ለአንድ አኳሪየም ይበዛል።

የጣናን ውሃ ራሱን ቀድቶ መጠቀም የሚያጓጓ ይመስላል፣ ቅርብም ነው። አይሆንም። ከውሃው ጋር ጥገኛ ተውሳክ፣ የዓሳ ቅማል፣ እንቁላል የሚበሉ ነፍሳትና ቀንድ አውጣ ይገባሉ። የውሃ ቁንጫ ለማጥመድ ብላችሁ ዳርቻው ላይ ባዶ እግር አትግቡ፤ የጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ ያለበት ነው። እምቦጭንም ሥሩ ለእንቁላል መጣያ ያመቻል ብላችሁ ወደ ቤት አታምጡት፤ ከላይ የተባለውን ሁሉ ሥሩ ይዞት ይመጣል።

ገንዳው

ከ20 እስከ 40 ሊትር የሚይዝ፣ 45 በ25 በ25 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የመስታወት ገንዳ ይበቃል። መስታወት ቤት ካሠራችሁት ሲሊኮኑ ሻጋታ መከላከያ ያልተጨመረበት ይሁን፤ ለመታጠቢያ ቤት ተብሎ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ መከላከያ አለበት፣ ለዓሳ መርዝ ነው። ከተጣበቀ በኋላ የኮምጣጤ ሽታው እስኪጠፋ፣ ቢያንስ ሳምንት፣ ይድረቅ።

ጠጠር አታስገቡ። ወለሉ ባዶ ይሁንና በላዩ ላይ ጥሩ መረብ ወጥሩ፤ የመረቡ ቀዳዳ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን እንቁላሉ ያልፋል፣ ወላጆቹ አያልፉም። የወጥ ቤት ፕላስቲክ ማጥለያን ቆርጦ ማስማማት ይቻላል። መረብ ካጣችሁ የልጆች ብይ በሁለት ድርብ አንጥፉ፤ እንቁላሉ በመሐሉ ይሰርጋል። ለመጣያ ደግሞ የሹራብ ክር ነው። ጥቁር አረንጓዴ ሰው ሠራሽ ክር 20 ሴንቲ ሜትር እየተቆረጠ ከ30 እስከ 40 ዘርፍ መሐሉ ላይ ይታሠርና ጫፉ ላይ ቡሽ ይደረግለታል። ቀለሙ እንዳይለቅ አስቀድማችሁ ቀቅሉት፤ ከሦስት ቅቅል በኋላም ውሃው ከቀለመ ጣሉት።

ማጣሪያው በአየር ፓምፕ የሚሠራ ስፖንጅ ነው፣ ሌላው ዓይነት ጫጩቱን ይመጥጠዋል። ስፖንጁን ከሦስት ከአራት ሳምንት በፊት ዋናው አኳሪየም ውስጥ አቆዩት፤ አሞኒያን የሚያጠፉት ባክቴሪያዎች የሚሰፍሩት ያኔ ነው። ማሞቂያው ለ20 ሊትር 25፣ ለ40 ሊትር 50 ዋት ይሁን፤ 26 ዲግሪ ላይ አስተካክሉት። ያለ ቴርሞሜትር ማሞቂያውን አትመኑት።

እዚህ ላይ ባህር ዳር ያለችበትን ከፍታ ማሰብ ያስፈልጋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻ አገሮች በአንድ አምስተኛ ያነሰ ነው። 26 ዲግሪ የሆነ ውሃ እዚያ በአንድ ሊትር 8 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ እዚህ 6.5 ቢይዝ ነው። የውጭ መጻሕፍት በ40 ሊትር ይህን ያህል ጫጩት ይበቃል ቢሉ እናንተ ሩቡን ቀንሱ። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ደግሞ የአየር ፓምፑ ለአንድ ሌሊትም እንዳይቆም።

መብራት ይጠፋል፣ በተለይ በሰኔ ነጎድጓድ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ አስቀምጡ። ገንዳውን በሦስት ጎኑና ከታቹ 2 ሴንቲ ሜትር ፎም አልብሱት፤ ለአራት ለአምስት ሰዓት ሙቀቱን በደንብ ይይዝለታል። የፈላ ውሃ መጨመር አያስፈልግም፤ ቀስ ብሎ 22 ዲግሪ የደረሰ ውሃ አይገድላቸውም፣ በአንዴ 28 የሆነ ግን ይገድላቸዋል።

የአየር ፓምፑ የክፍሉን አየር ስቦ ወደ ውሃው ይከታል፤ ጭሱንም መርዙንም። የትንኝና የበረሮ መርዝ የሚነፋበት ቤት ውስጥ፣ ወይም የወባ ርጭት ሲመጣ፣ ፓምፑን ንቀሉ፣ ገንዳውን በፕላስቲክ ጥቅልል አድርጋችሁ ሸፍኑ፣ ክፍሉ እስኪናፈስ ድረስ ፓምፑን ሌላ ክፍል አስቀምጡትና ቱቦውን አስረዝሙ። ዕጣንና የቡና ጭስም ቢሆን ከገንዳው ርቆ ይሁን።

ወላጆቹና የማለዳው ሥራ

ወንዱንና ሴቷን ለ7 እስከ 10 ቀን ለየብቻ አስቀምጡ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ሕያው ምግብ ስጡ። በክዳን አልባ ባልዲ ዝናብ ውሃ ውስጥ የሚፈጠረው የትንኝ እጭ ለዚህ የሚወዳደረው የለም፤ እንስቷን በሳምንት ውስጥ በእንቁላል ይሞላታል። ነገር ግን ባህር ዳር የወባ አገር ናት። ባልዲውን በየቀኑ በመረብ አጥልሉ፣ እጩ ጭንቅላቱ ትልቅ ሆኖ እንደ ነጠላ ሰረዝ የተጠማዘዘ ሙሽሬ ከመሆኑ በፊት ጨርሱት፣ በአምስተኛው ቀን ባልዲውን ድፉት። ይህን መከታተል የማትችሉ ከሆነ እጩን ተዉትና አርቴሚያ አሳድጉ።

ሆዷ ከላይ ሲታይ ጎልቶ ሲወጣ፣ አመሻሽ ላይ መጀመሪያ እንስቷን፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ወንዱን ወደ መራቢያው ገንዳ አስገቡ። ሙቀቱ ከነበሩበት በሁለት ዲግሪ ከፍ ያለ ይሁን። ያን ምሽት አታብሏቸው። ጎኑን በካርቶን ሸፍኑት፤ ከመስኮት የሚመጣ ትንሽ የንጋት ብርሃን ብቻ ይግባ።

ጎህ ሲቀድ ወንዱ ክንፉን ዘርግቶ እንስቷ ፊት ይንቀጠቀጣል፣ ያሳድዳታል፣ ሆዷንም በአፉ ይጎነትላል። ከዚያ ጎን ለጎን ሆነው ወደ ክሩ ይገባሉ፤ ለቅጽበት ተጣብቀው ይርገበገቡና ይለያያሉ፤ ጥቂት ብርጭቆ የመሰሉ እንቁላሎች ክሩ ላይ ይቀራሉ፣ ሌላው ወደ መረቡ ይወርዳል። ይህ ለሁለት ለሦስት ሰዓት ይደጋገማል። መካከል ላይ ዘወር ብለው እንቁላል መልቀም ከጀመሩ ሥራው አልቋል፤ ወዲያው አውጧቸው። በመጀመሪያው ጠዋት ካልጣሉ እስከ ሦስተኛው ጠዋት ጠብቁ። በሁለተኛው ምሽት ከ20 ሊትሩ አራት ሊትር ቀይራችሁ በሦስት ዲግሪ ቀዝቀዝ ያለ የዝናብ ውሃ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ፤ ብዙ ጊዜ ይህ ያነሳሳቸዋል። በሦስተኛውም ካልሆነ መልሳችሁ ለይታችሁ ለሌላ ሳምንት አብሏቸው።

ወንዱ እንስቷን ጥግ አስይዞ ቅርፊቷን ከነጨ እንቁላሏ አልደረሰም ማለት ነው። ለይዋት።

ከእንቁላል እስከ ጫጩት

ወላጆቹ ከወጡ በኋላ ክሩንና መረቡን ቀስ ብላችሁ እያራገፋችሁ አንሱ፤ ገንዳውን በጨርቅ ሸፍኑት። ከሦስት አራት ሰዓት በኋላ ነጭ የሆነው እንቁላል ያልዳበረ ነው፤ በስሪንጅና በአየር ቱቦ ቁራጭ እየሳባችሁ አውጡት፣ ሻጋታው ወደ ደህናው ይተላለፋል። ነጩ ከበዛ ሚቲሊን ብሉ የሚባለውን ሰማያዊ የሻጋታ መድኃኒት ጨምሩ፤ አንድ በመቶ ከሆነው ፈሳሽ 2 ሚሊ ሊትር ለ20 ሊትር ውሃ በሊትር 1 ሚሊ ግራም ይሰጣል። መድኃኒቱ የስፖንጁንም ባክቴሪያ ስለሚገድል ስፖንጁን ለጊዜው ወደ ዋናው አኳሪየም መልሱትና ባዶ የአየር ቱቦ ተዉ። ፋርማሲ ስትጠይቁ ጂቪ እንዳይሰጧችሁ ተጠንቀቁ፤ ለቁስል የሚቀባው ሐምራዊ መድኃኒት ሌላ ነገር ነው።

በ26 ዲግሪ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። ሰማያዊ መድኃኒት ከነበረ ከዚያ በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ ግማሹን ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ቀይራችሁ ስፖንጁን መልሱ። ጫጩቱ ጭራ ያለው የመስታወት ስባሪ ይመስላል፤ ሆዱ ሥር ያለውን አስኳል እየበላ መስታወቱ ላይ ይንጠለጠላል። በዚህ ጊዜ ምግብ አትስጡ፣ ብርሃንም አታብዙ። የውሃው ፊት ላይ ቅባት ከታየ ግን ሶፍት አንጥፋችሁ አንሱት። ጫጩቱ መዋኘት ሲጀምር ወደ ላይ ወጥቶ አየር በመጎንጨት የዋና ፊኛውን ይሞላል፤ ቅባቱ ከከለከለው ወለሉ ላይ እየዘለለ ይቀራል፣ አያድግም።

አግድም መዋኘት ከጀመሩበት ሰዓት አንስቶ ኢንፉዞሪያ ስጡ፤ ለ20 ሊትር ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር፣ በቀን አራት ጊዜ። ሌሊትም ደብዛዛ መብራት ይተዉላቸው፤ የሚያዩትን ብቻ ነው የሚበሉት። ከሦስት አራት ቀን በኋላ ጥቂት አርቴሚያ ጨምራችሁ በእጅ ባትሪ ከጎን አብሩና ሆዳቸውን ተመልከቱ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ሆዳቸው ብርቱካንማ የሆነው በልተዋል። ግማሾቹ ብቻ ከበሉ ኢንፉዞሪያውን አታቋርጡ፤ ትንንሾቹ ሁለት ሦስት ቀን ያስፈልጋቸዋል። ሁሉም ሲበሉ ኢንፉዞሪያው ይቁም፣ አርቴሚያው በቀን ሦስት ጊዜ፣ ማይክሮዎርሙ አንዴ ይሁን። ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ የደቀቀ ደረቅ ምግብ አለማምዱ።

ውሃ የሚቀየረው በየቀኑ አንድ አሥረኛው ነው። ለማውጣት የአየር ቱቦ ጫፉ ላይ ጨርቅ አሥራችሁ ሳቡ። ለመመለስ ደግሞ ፋርማሲ የሚሸጠው አዲስ የግሉኮስ ቱቦ ከዚህ ሥራ ጋር በጣም ይስማማል፤ ከላይ ከተቀመጠ ባልዲ ውሃውን በመቆጣጠሪያው እየመጠናችሁ በጠብታ፣ ሁለት ሊትሩን በአንድ ሰዓት ያህል አስገቡ። ሙቀቱ እኩል፣ ቲዲኤሱ ተቀራራቢ ይሁን። በአንዴ የተደፋ ሁለት ሊትር ውሃ ጫጩቱን በሙሉ በአንድ ቀን ሊጨርስ ይችላል።

በሁለተኛው ሳምንት ጫጩቶቹ ክንፋቸውን አጣብቀው ከተንቀጠቀጡ፣ ገላቸውም ላይ ወርቃማ ብናኝ ካለ ቬልቬት የሚባለው በሽታ ነው። ገንዳውን አጨልሙ፣ ሙቀቱን ቀስ በቀስ ወደ 28 አድርሱ፣ ውሃውን በየቀኑ ሩቡን በጠብታ ቀይሩ። ያለ ምክንያት ላይ ላይ የሚያለከልኩ ከሆነ ደግሞ የተረፈ ምግብ በስብሶ ይሆናል፤ መጀመሪያ ወለሉን ጥረጉ።

በሦስተኛው ሳምንት ወደ ሰፋ ገንዳ ይዛወሩ። በ40 ሊትር ከ60 እስከ 70 ጫጩት አይለፍ። የጎበጡትን፣ አፋቸው የማይዘጋውን አስወግዱ እንጂ አታራቡባቸው። የተረፈውን ጫጩትም ሆነ የገንዳ ተክል ወደ ጣና፣ ወደ አባይም ሆነ ወደ ማንኛውም ቦይ አትልቀቁ። ሐይቁ ሌላ የትም የማይገኙ የራሱ የባርበስ ወገን ዓሳዎች ያሉበት ነው፤ እምቦጭ ያደረሰውንም እያየነው ነው። ለሰው ስጡ፣ ውሃውን ደረቅ አፈር ላይ ድፉ።

ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆኑ ለሰው መስጠትም መሸጥም ይቻላል። ከመጓዛቸው ከ24 ሰዓት በፊት አታብሏቸው። በፕላስቲክ ከረጢት አንድ ሦስተኛ ውሃ፣ ሁለት ሦስተኛ አየር አድርጋችሁ በአንድ ሊትር ውሃ ከ15 አይበልጡ፤ ከረጢቱን ድርብ አድርጉትና ፎም ሳጥን ውስጥ ይግባ። ባህር ዳር እስከ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ አያያዝ በደህና ይደርሳሉ። ተቀባዩ ከረጢቱን ሳይከፍት ገንዳው ላይ ለ20 ደቂቃ ያንሳፍፈው፤ ከዚያ በየአምስት ደቂቃው ግማሽ ሲኒ የገንዳ ውሃ እየጨመረ ለግማሽ ሰዓት ያለማምዳቸውና ዓሳዎቹን በመረብ ያግባ፣ የከረጢቱን ውሃ ግን ወደ ገንዳው አይድፋ።